ዳሽቦርዱ ምን በደለ?

ሞተር ሳይክል የሚነዳ ወዳጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን ሮሮ ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ "ዳሽቦርዱ ጠፋብኝ!" የፍሬቻው ምልክት አይበራም፣ የቤንዚኑ መርፌ ታንኩ ሞልቶ ሳለ ባዶ ላይ ተጋድሟል፣ የፎሌዋ አረንጓዴ መብራት ደግሞ ማርሽ ገብቶ እያለ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው። ዳሽቦርዱ ተፈቶ ይወርዳል፣ አዲስ ወይም ከሌላ ሞተር ሳይክል የተነቀለ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ሁለት ሳምንት በሰላም ይሠራል፣ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይጠፋል። ገንዘቡ ሄደ፣ ብልሽቱ ቀረ። አበው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እኛ ዛሬ ጥብቅና የቆምነው ለዚህ ሁልጊዜ ለሚደበደበው ዳውላ ነው። ዳሽቦርድ በአብዛኛው ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለም። ጥፋቱ የሚገኘው ከጀርባው ነው፤ በደከመ ባትሪ፣ በዛገ ኮኔክተር፣ በላላ ግራውንድ፣ ከመሪው ሥር ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ በተበጠሰ ሽቦ። ይህን ደግሞ ከእኛ ክርክር ይልቅ ታሪኩ አሳምሮ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ በእኛ አቆጣጠር ካላልን በቀር፣ የፈረንጆች ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ዳሽቦርድ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። መብራታቸው ካርባይድ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል በሚወጣ ጋዝ የሚነድ ፋኖስ ነበር። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ነው፤ ባትሪ የማይፈልግ፣ ሞተሩ ሲዞር አብሮ እየዞረ ብልጭታ የሚያመነጭ ዕቃ። ቆይቶ የኤሌክትሪክ መብራት ሲመጣ ዲናሞና ባትሪ ተጨመሩ፤ የበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ሁለቱን፣ ማግኔቶውንና ዲናሞውን፣ አንድ ላይ አጣምሮ "ማግዳይኖ" ብሎ ሸጣቸው። አንድ ላይ ይታሰሩ እንጂ ሥራቸው ለየብቻ ነበር። ባትሪው ቢሞት፣ ዲናሞው ቢቃጠል፣ ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ መሥራቱን አያቆምም። ነጂው በጨለማ ይሄዳል እንጂ መንገድ ላይ አይቀርም። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ብልሽት ማለት ጨለማ ማለት ብቻ ነበር።

ታዲያ ባትሪው እየሞላ ይሁን እየባከነ ነጂው በምን ይወቅ? አምፔር መለኪያ የመጣው ለዚህ ነው። መሃሉ ላይ ዜሮ ያለው ትንሽ ክብ ሰዓት ነው፤ መርፌው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ባትሪው እየሞላ ነው፣ ወደ ግራ ሲያዘነብል እየተራገፈ ነው። ዛሬ ለምናየው ዳሽቦርድ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አባት ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በ1937 ትራየምፍ በኤድዋርድ ተርነር የተነደፈውን ስፒድ ትዊን ለገበያ አቀረበ። በቤንዚን ታንኩ አናት ላይ ጥቁር የባክላይት ሰሌዳ ነበረው፤ በላዩ የዘይት ግፊት መለኪያ፣ አምፔር መለኪያ፣ የመብራት ማብሪያ፣ እና እኛን ከሁሉ በላይ የገረመን አንድ ትንሽ ነገር ተቀምጦበታል፦ ከነሽቦው ተስቦ የሚወጣ የእጅ መብራት። ሰሌዳውን ያበራል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ተነቅሎ ሞተሩ ሥር ይገባና የተበላሸውን ለመፈለግ ያገለግላል። ሠሪዎቹ ዕቃው እንደሚበላሽ ያውቃሉ፣ ነጂው በሌሊት መንገድ ዳር ተንበርክኮ እንደሚጠግነውም ያውቃሉ፤ አውቀውም መብራቱን አብረው ሰጡት። ይህን የዛሬ ኩባንያ ያደርገዋል? እኛ እንጃ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በብሪታንያ አዲስ ለሚመዘገቡ ተሽከርካሪዎች የፍጥነት መለኪያ በሕግ ግዴታ ሆነ። የፍጥነት መለኪያው ግን ከኤሌክትሪክ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ከጎማው ወይም ከማርሹ ሳጥን በሚነሳ ካቦ ይሽከረከራል፤ የስሚዝ ኩባንያ የሚሠራው "ክሮኖሜትሪክ" የሚባለው ዓይነት እንዲያውም ውስጡ እውነተኛ የሰዓት አሠራር ነበረው። ለተወሰነች ቅጽበት ዙሩን ይቆጥራል፣ መርፌውን ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይቆጥራል። ስለዚህ መርፌው ሳይንሸራተት ጠቅ ጠቅ እያለ ነበር የሚወጣው። የእንዲህ ያለው ሰሌዳ ብልሽት ፍለጋ ቀላል ነው፦ የፍጥነት መርፌው ዝም ካለ ካቦው ተበጥሷል ወይም ደርቋል፤ ኤሌክትሪሺያን አትጥሩ፣ ዘይት አምጡ።

ወደ አምፔር መለኪያው እንመለስ፤ በዚህች ዕቃ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን። የዘመኑ ነጂ ብልሽት የሚፈልገው በእሷ ነበር። ሞተሩን ያጠፋል፣ የመብራቱን ማብሪያ ይከፍታል፣ መርፌው ወደ ግራ ከወደቀ ከረንቱ መንገዱን አግኝቷል ማለት ነው። ምንም ሳይከፍት መርፌው ወደ ግራ ካዘነበለ ግን አንድ ቦታ ላስቲኩ የተላጠ ሽቦ ሻንሲውን ነክቷል፣ ባትሪውም እየተመጠጠ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ጋዝ ሲሰጥ መርፌው ወደ ቀኝ ካልተነሳ ዲናሞው ወይም ተቆጣጣሪው አልሠራም። አንዲት መርፌ፣ ሦስት ጥያቄ። ዛሬ ብዙ ዳሽቦርድ ይህን ያህል አይናገርም።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ብቻ ስናሞካሽ እንዳንውል አንድ ጉድ እንንገራችሁ። አምፔር ለመለካት ከረንቱ ራሱ በመለኪያው ውስጥ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከባትሪው የሚወጣው ዋና ሽቦ ወደ መብራትም ወደ ሌላውም ከመድረሱ በፊት በዚያች ትንሽ ሰዓት ሆድ ውስጥ ያልፍ ነበር። ከጀርባዋ ያለችው ብሎን በሞተሩ ንዝረት ከላላች ወይም ውስጧ ከተቃጠለ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሁሉ ነገር ይጠፋል። በኋላ ብልጭታውም ከባትሪ መምጣት በጀመረባቸው ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሞተሩ ጭምር ቀጥ ይላል። ምስክሩ ራሱ መንገዱን ዘግቶ የሞተበት አጋጣሚ ማለት ይህ ነው፤ ዳሽቦርዱን በእውነት ጥፋተኛ ልንለው የምንችልበት ጥንታዊ ጉዳይ። መፍትሔውን የድሮ ነጂዎች በቃላቸው ያውቁት ነበር። ከመለኪያው ጀርባ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ እርስ በርስ ማሰር። መለኪያ አይኖርም፣ ግን ቤት ይገባል።

አሁን ስለ ሉካስ ማውራት ግድ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ጆሴፍ ሉካስን "የጨለማው ልዑል" እያሉ ይቀልዱበታል። ማብሪያው ሦስት ደረጃ አለው ይባላል፦ ጠፍቷል፣ ደብዝዟል፣ ይርገበገባል። እንግሊዞች ቢራቸውን ለብ አድርገው የሚጠጡት ፍሪጃቸውን ሉካስ ስለሠራው ነው የሚል ቀልድም አለ። ቀልዱ ያስቃል፤ ፍርዱ ግን ሚዛን የጎደለው ይመስለናል። ሉካስ የሞተር ሳይክል ኩባንያዎቹ በሚከፍሉት ዋጋ ልክ ነበር የሚሠራላቸው፤ እነሱ ደግሞ ርካሹን ነበር የሚጠይቁት። በዚያ ላይ ዕቃውን የሚሰቅሉበት ሞተር ሁለቱ ፒስተን እኩል የሚወጡና የሚወርዱበት፣ መሪውን እንደ ወንፊት የሚያንቀጠቅጥ ነበር። አምፖሉ በጥራት ማነስ ሳይሆን በመርገፍገፍ ክሩ ይበጠሳል። አምፖሉን የቀየረ ሰው ብልሽቱን ቀየረ ማለት አይደለም።

ከንዝረቱ የባሰው ግን ግራውንዱ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። ከረንት ከባትሪ ወጥቶ አምፖሉን አብርቶ ወደ ባትሪ መመለስ አለበት። ለመሄጃው ሽቦ ይሰጠዋል። ለመመለሻው ግን የድሮ ሞተር ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ አይሰጡትም ነበር፤ በሻንሲው ብረት ላይ ሄዶ ይመለስ ነበር። አሁን አስቡት፦ የፊት መብራቱና ሰሌዳው ከመሪው ጋር ይዞራሉ፣ ባትሪው ከሻንሲው ጋር ቆሟል። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ምንድን ነው? የመሪው ኩሽኔታ ነው። በግራሶ የተለወሰ፣ ሲዞር የሚንከባለል ኩሽኔታ! ከረንቱ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ አያልፍም። መሪው ወደ ግራ ሲዞር መብራቱ ይፈካል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይደበዝዛል። ነጂው ሉካስን ይረግማል። የጠፋው አንድ ክንድ የማትሞላ ሽቦ ናት፤ ከፊት መብራቱ ወደ ባትሪው የምትመለስ።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት የባትሪውን ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ ጃፓኖቹ ደግሞ ኔጋቲቩን። በአንዱ የለመደ ሜካኒክ በሌላው ላይ ባትሪውን ገልብጦ ሲያስር በዚያው ቅጽበት ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ። በ1960ዎቹ እንግሊዞች ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ሲሻገሩ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያባርር ዜነር ዳዮድ ጨመሩ። ይህ ዳዮድ በአሉሚኒየም ላይ ጥብቅ ብሎ ካልታሰረና ግራውንዱ ደህና ካልሆነ ቮልቱ ያለ ልክ ይወጣል። የሚቃጠሉት ታዲያ እነማን ናቸው? ትናንሾቹ የሰሌዳ አምፖሎች። ሰሌዳው እንደገና ይከሰሳል።

በዚህ ሁሉ መሃል ስሙ ሊነሳ የሚገባው አንድ ሰው አለ። ዶናልድ ማካዲ የብሪታንያ ፖስታ ቤት መሐንዲስ ነበር፤ ስልክና ቴሌግራፍ በዚያ ዘመን በፖስታ ቤቱ እጅ ናቸው። ለአምፔር አንድ መለኪያ፣ ለቮልት ሌላ፣ ለኦም ሌላ ይዞ መዞር ስላሰለቸው ሦስቱን በአንድ ሳጥን አጣመራቸው። በ1923 "አቮሜትር" ተብሎ ወጣ፤ ስሙ የአምፔር፣ የቮልትና የኦም መነሻ ፊደላት ናቸው። ዛሬ በየጋራዡ "ቴስተር" የምንላት ቢጫም ሆነች ቀይ ዕቃ የእሱ የልጅ ልጅ ናት። ከእሱ በኋላ ብልሽት ፈላጊው ሰሌዳው የሚናገረውን ብቻ ማመን ቀረለት፤ ከሰሌዳው ጀርባ ሄዶ ራሱ መጠየቅ ቻለ።

ጃፓኖቹ ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። ሆንዳ በ1958 ሱፐር ከብን አወጣ፤ በ2017 ከዚህ ዝርያ የተመረተው ከ100 ሚሊዮን አለፈ። በ1969 ደግሞ ባለ አራት ሲሊንደሩ ሲቢ 750 ገበያ ገባ፦ በቁልፍ የሚነሳ፣ በሞተሪኖ የሚቀሰቀስ፣ ፍሬቻ ያለው። በዓይኑ ፊት የነበሩት ምልክቶች መርፌ ብቻ አልነበሩም፤ የዘይት ግፊት መብራት፣ የፎሌ መብራት፣ የረጅም መብራት ምልክት፣ የፍሬቻ ምልክት ነበሩት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሜካኒኮች እነዚህን "የቂል መብራቶች" ይሏቸዋል፤ ምን ያህል እንደጎደለ አይናገሩም፣ ጎድሏል ብቻ ይላሉ። የስድቡ መንፈስ ይገባናል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር በውድቅት ሌሊት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ያለ ሰው አንዲት ትንሽ መርፌ በሁለት ሚሊ ሜትር መዝመሟን አያይም። ቀይ መብራት ግን ያያል።

ሆንዳ ያመጣው ሌላው ነገር የሽቦ ቀለም ሥርዓት ነው፤ ይህ ለሜካኒኩ ከመጽሐፍ በላይ ነው። በሆንዳ አረንጓዴ ግራውንድ ነው። ቀይ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው። ጥቁር ቁልፉ ሲከፈት ኃይል የሚያገኝ ነው። ቀላል አረንጓዴ ባለ ቀይ መስመር ወደ ፎሌ መብራት ይሄዳል፣ ሰማያዊ ባለ ቀይ መስመር ወደ ዘይት መብራት። ይህን ያወቀ ሰው ሥዕል ሳይኖረው የሆንዳን ሰሌዳ ያነብባል። ወጥመዱ ያለው ሌላው ኩባንያ ዘንድ ሲሄድ ነው፦ ያማሃ ግራውንዱን ጥቁር ያደርገዋል። በአንዱ ኃይል ያለበት ቀለም በሌላው ግራውንድ ነው! ሱዙኪ ጥቁር ባለ ነጭ መስመር፣ ካዋሳኪ ጥቁር ባለ ቢጫ መስመር። ስንት ፊውዝ በዚህ ምክንያት እንደተቃጠለ ፈጣሪ ይወቀው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ጎራ ብንል አግባብ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ቀለሞች በየሠፈራችን ይሄዳሉና። በ1976 ሆንዳ ያወጣው ሲጂ 125 በቻይና ፋብሪካዎች ያለ ልክ ተቀዳ፤ ከሞተሩ ጋር የሽቦው ቀለምም አብሮ ተቀዳ። ብዙዎቹ የቻይና ዶቅዶቄዎች ሲከፈቱ ግራውንዳቸው አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው። የሕንዱ ባጃጅ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከካዋሳኪ ጋር ስለሠራ በሞተር ሳይክሎቹ ላይ ጥቁር ባለ ቢጫ መስመር እናገኛለን። ሜካኒኩ ሽቦ ሲልጥ ሳያውቀው የሁለት ኩባንያዎችን የትዳር ታሪክ እያነበበ ነው።

ቃላቱም እንዲሁ ታሪክ ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ፎሌ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን በእኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 አገር ይዞ ሲቆይና ከዚያም በኋላ እዚሁ የቀሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ሲከፍቱ የሙያው ቃል አብሮ ቀረ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የብረቱ ክፍል ቃላት ጣሊያንኛ ሲሆኑ የኋለኛው ዘመን የኤሌክትሪክ ቃላት፣ ሴንሰር፣ ኮኔክተር፣ ዳሽቦርድ፣ ቴስተር፣ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። ሙያው በሁለት ጊዜ እንደደረሰን ከዚህ በላይ የሚመሰክር አይገኝም።

ወደ ሰሌዳው እንመለስና የምስክሩን ቃል በተሳሳተ መንገድ ስለመስማት ሁለት ጉዳይ እናንሳ። የመጀመሪያው የፎሌዋ መብራት ናት። ማርሽ ገብቶ እያለ ፍሪሲዮኑ ሲያዝ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ የምትልባቸው ሆንዳዎች አሉ። ነጂው ደንግጦ "ሰሌዳው አብዷል" ይላል። አላበደም። ሞተሪኖው የሚሠራው ወይ ፎሌ ላይ ሲሆን ወይ ፍሪሲዮን ሲያዝ ነው፤ ሁለቱ መንገዶች እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው አንዲት ዳዮድ ተቀምጣለች፣ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዘበኛ። ዘበኛዋ ስትቃጠል በር ይከፈታል፤ የፎሌዋ መብራት በፍሪሲዮኑ ማብሪያ በኩል ግራውንድ አግኝታ ትበራለች። ዳዮዷ በሌላው መንገድ ከሞተች፣ ማለትም ጭራሽ ከዘጋች፣ መብራቷ ደህና ትሆንና ሞተሩ ፎሌ ላይ ፍሪሲዮን ካልተያዘ አልነሳም ይላል። የዕቃዋ ዋጋ ከዳሽቦርዱ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው የፍሬቻ ነገር ነው። ብዙ ሞተር ሳይክሎች ለግራም ለቀኝም የሚያገለግል አንድ የፍሬቻ ምልክት ብቻ አላቸው። ይህች አምፖል የራሷ ግራውንድ የላትም፤ አንድ እግሯ በግራው፣ ሌላው በቀኙ መስመር ላይ ነው። የግራው ሲበራ በቀኞቹ አምፖሎች ክር በኩል ግራውንድ ታገኛለች፤ ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ የቀኞቹ አይበሩም። ዘመናዊ ሆነን አምፖሎቹን አውጥተን ኤልኢዲ ስናስገባ ግን ያቺ ትንሽ ከረንት ለኤልኢዲ በቂ ናት፤ ግራ ስናሳይ አራቱም ይርገበገባሉ። ከኋላ የሚመጣው መኪና ወዴት እንደምንታጠፍ በምን ይወቅ? ይህ ቀልድ አይደለም፤ መንገድ ላይ ሰው የሚያስገጭ ብልሽት ነው። መፍትሔው ከምልክቷ ጋር ሁለት ዳዮድ አስሮ የራሷን ግራውንድ መስጠት ነው። ሰሌዳ የሚቀይር ሰው ግን ያው አሠራር ያለው ሌላ ሰሌዳ ይገዛል፣ አራቱም መርገብገባቸውን ይቀጥላሉ።

ጃፓኖቹን ብቻ ስናመሰግን እንዳንታማ፣ የሱዙኪ ጂኤስ ሞዴሎች ስታተራቸውን በማቃጠል፣ የሆንዳ ባለ ቪ ሞተሮች ደግሞ ሬጉሌተራቸውን በማቃጠል ስም አትርፈዋል። ልዩነቱ ቀልዱ የተለጠፈው በሉካስ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

በ1980 ካዋሳኪ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ዜድ 1000 አወጣ። በ1981 ያማሃ ኤክስጄ 750 ሴካ ኮምፒውተር ያለው ሰሌዳ ይዞ መጣ፤ የዘይቱን መጠን፣ የፍሬኑን ዘይት፣ የባትሪውን ውሃ፣ የፊት መብራቱን፣ የጎን መቆሚያውን ሳይቀር እየመረመረ በመስኮቱ ላይ ያሳይ ነበር። ከዚህ ጀምሮ ሰሌዳው ምስክር ብቻ ሳይሆን መርማሪ ፖሊስም መሆን ጀመረ። በኋላ ቤንዚን መርጨት ሲስፋፋ የሞተሩ ኮምፒውተር ያገኘውን ጥፋት በቁጥር ያስቀምጠው ጀመር። እዚህ ላይ የኩባንያዎቹ አስተሳሰብ መልካም ነበር እንላለን። በሆንዳ ከኮርቻው ሥር ወይም ከጎን ያለችውን የምርመራ ሶኬት በቁራጭ ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ስትከፍቱ ቢጫዋ መብራት ትቆጥርላችኋለች፤ ረጅም ብልጭታ አሥር፣ አጭር ብልጭታ አንድ። በሱዙኪ ቁጥሩ በመስኮቱ ላይ ይጻፋል፤ ሲ ዜሮ ዜሮ ካለ ጥፋት የለም። በቁራጭ ሽቦ! የተርነር የእጅ መብራት ሌላ መልክ ይዛ የተመለሰች ይመስላል።

ከዚያ በሩ እየጠበበ ሄደ። ቢኤምደብሊው በ2004 በአር 1200 ጂኤስ ላይ ካን ባስ የሚባለውን፣ ቦሽ በ1986 ለመኪና ያቀረበውን መረብ ለሞተር ሳይክል አመጣ። ለእያንዳንዱ አምፖልና መለኪያ የተለየ ሽቦ ከመዘርጋት ሁሉም በሁለት ሽቦ ላይ መልእክት ይለዋወጣሉ። የተለመደው ፊውዝም ቀረ፤ ጥፋት ሲኖር ኮምፒውተሩ ራሱ መስመሩን ይዘጋዋል፣ ቁልፉ ጠፍቶ ሲከፈት ደግሞ እንደገና ይሞክረዋል። ሽቦው ቀነሰ፣ የሚዝገው ኮኔክተርም ቀነሰ፤ ይህ ጥቅም ነው። ጉዳቱ በእንዲህ ባለ ሞተር ሳይክል ላይ ሰሌዳው የመረቡ አባል መሆኑ ነው። በብዙ ሞዴሎች ከሌላ ነቅሎ መግጠም ብቻ አይበቃም፣ ከሌሎቹ ጋር መተዋወቅ አለበት፤ ማስተዋወቂያው ኮምፒውተር ደግሞ ያለው ኩባንያው ዘንድ ነው። አውሮፓ በ2016 በዩሮ 4 ደንብ አዲስ ሞዴሎች ጥፋታቸውን መዝግበው እንዲያሳውቁ አስገደደች። መዝጋቢው በዛ፣ አንባቢው ግን አልበዛም። አንድ ቴስተርና አንድ ካቻቢቴ ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የሠፈር ኤሌክትሪሺያን እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል ሲመጣበት "ወደ ትልቁ ጋራዥ ውሰደው" ብሎ ሲመልስ የሚያጣው የዕለት እንጀራውን ነው። እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው።

ሆኖም ሥራው ሁሉ አልተዘጋበትም። በዛሬዎቹም ላይ አብዛኛው የሰሌዳ ጥፋት የሚገኘው በድሮው ቦታ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይለካ፦ ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ አርፎ 12.6 ገደማ ይላል፣ ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ሰሌዳው ተርቧል፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ እየተቃጠለ ነው። ቀጥሎ ግራውንዱ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሰሌዳው ግራውንድ ሽቦ ላይ አድርጎ መብራቶቹን ማብራት ነው። ሁለቱ በእውነት ከተገናኙ ዜሮ ሊደርስ የቀረበ ቁጥር ይታያል፤ ግማሽ ቮልት ወይም አንድ ቮልት ከታየ በመንገዱ ላይ ዝገት ተቀምጧል። ከዚያ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ ሰሌዳውን መመልከት፤ ሲዞር የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ ሽቦው መሪው አንገት ላይ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ የተጠመጠመበት ሞተር ሳይክል ካጋጠመ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት እሱን ማውጣት፤ እንዲህ ያለው ዶቅዶቄ ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን ራሱም ይነዳል። ይህ ሁሉ አልፎ ጥፋቱ ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ ሰሌዳው ይከፈት፤ ውሃ የገባበት መስተዋት ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ሊገኝ ይችላል። ምስክርም አንዳንዴ ይታመማልና።

በካን ባስ ላይም ቢሆን የማካዲ ዕቃ ጨርሳ አልከሰረችም። የመረቡ ሁለት ሽቦዎች በየጫፋቸው 120 ኦም የሆነ ማቆሚያ አላቸው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲለኩ 60 ኦም ይሰጣሉ። ባትሪው ተነቅሎ፣ የቴስተሩ ሁለት ጫፎች በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ሲያርፉ 60 ከታየ ሽቦዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ናቸው። 120 ከታየ አንዱ ወገን ተቆርጧል። ዜሮ ከታየ ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ቦታ ተነካክተዋል። ይህን ለማወቅ የኩባንያ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የሠፈሩ ኤሌክትሪሺያን ቴስተር ይበቃል።